ሰውየው ዘረኛ ነው ወይስ አይደለም? ከምላሱ ይልቅ መዝገቡን ማንበብ

አንድ ታዋቂ ሰው ስለ ጥቁሮች ወይም ስለ ሌላ ሕዝብ የተናገረው አጭር ቪዲዮ ይለቀቅና ወሬው ሁሉ እሱ ይሆናል። ግማሹ «ድሮም ዘረኛ ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ በአካል አይቶት ሳያውቅ «ልቡ ንጹሕ ነው» ብሎ ይምልለታል። በሦስተኛው ቀን ሌላ ቪዲዮ ይመጣና ያኛው ይረሳል፣ ማንም ምንም ሳያጣራ።

ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ከባድ አይደለም። የማነሳቸው ሰዎች አብዛኞቹ አሜሪካውያን ናቸው። እዚያ የምክር ቤት ድምፅ፣ የፍርድ ቤት ፋይል፣ አንዳንዴም ቤተ መንግሥት ውስጥ የተቀዳ ስልክ ሳይቀር ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ነገሩን ማጣራት ይቻላል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ቀይሩት

«ዘረኛ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ልብ ነው። ልብ ደግሞ አይነበብም። አብሮ ያደገ ሰው ልብ እንኳ አይነበብም፣ የፖለቲከኛና የአክተርማ ጨርሶ። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ በሰውየው እጅ የነበረው ሥልጣን ምን ነበር? በዚያ ሥልጣን በማን ላይ ምን አደረገ? መቼ? ሲያደርገው ምን አጣ፣ ምንስ አተረፈ? እነዚህ መልስ አላቸው፣ መልሳቸውም ተጽፎ ይገኛል።

ሴናተር ከሆነ ድምፁን ለምን እንደሰጠ እዩ። ዳኛ ከሆነ ፍርዱን አንብቡ። ቤት አከራይ ከሆነ ለማን አከራየ፣ ማንንስ መለሰ? የክለብ ባለቤት ከሆነ ማንን አስፈረመ? ዘፋኝና አክተር ላይ ነገሩ ይጠባል፣ ምክንያቱም የሚሾሙትም የሚያባርሩትም ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ እነሱ ላይ የሚሰጠው ፍርድም በዚያው ልክ ልከኛ ይሁን። ሰው ዘፈኑን ስለወደደለት ብቻ የአንድን ዘፋኝ የፖለቲካ አቋም እንደ ሕግ አውጪ ድምፅ ሲመረምር ሳይ ይገርመኛል።

ከጨዋነቱ በፊት ፊርማውን

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው የሊንደን ጆንሰን ነገር ለዚህ የሚመች አስቸጋሪ ምሳሌ ነው። የቴክሳስ ሰው ነው። በጓዳ ወሬው ጥቁሮችን በዚያ በሚታወቀው የውርደት ስም ይጠራ እንደነበር በሰፊው ተመዝግቧል። 1937 ምክር ቤት ከገባ በኋላም ለሃያ ዓመት ያህል የጥቁሮችን መብት የሚያስከብሩ ረቂቅ ሕጎችን ሲቃወም ኖሯል። በ1956 አንድ ሰው «ይህ ሰው ከጥቁሮች ጎን አይደለም» ብሎ ቢፈርድበት ልክ ነበር።

ከዚያ ግን መዝገቡ ዞረ። 1957 ላይ የሴኔቱ የብዙኃን መሪ ሆኖ፣ ጥርሱ የወለቀም ቢሆን፣ አንድ የሲቪል መብቶች ሕግ አሳለፈ። ፕሬዚዳንት ሲሆን ጁላይ 2 ቀን 1964 ትልቁን የሲቪል መብቶች ሕግ ፈረመ፤ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በሥራ ቦታ ሰውን በቀለሙ መለየት የተከለከለበት ሕግ ነው። በዓመቱ የመምረጥ መብት ሕግን ፈረመ። 1966 ላይ ሮበርት ዊቨርን የመጀመሪያው ጥቁር የካቢኔ አባል አደረገው፣ 1967 ላይ ደግሞ ተርጉድ ማርሻልን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት አጨ።

አሁን በ1964 ምርጫ የተፎካከረውን ሴናተር ባሪ ጎልድዋተርን አጠገቡ አስቀምጡት። ጎልድዋተር በግል ኑሮው ጨዋ ሰው ነበር። የአሪዞና የአየር ብሔራዊ ዘብ ጥቁርና ነጭ ተቀላቅሎ እንዲያገለግል የገፋ ነው፣ የጥቁሮች መብት ማኅበር (ኤንኤኤሲፒ) አባልም ሆኖ ያውቃል። የ1957ቱንና የ1960ውን ሕግ ደግፎ ድምፅ ሰጥቷል። ዋናው ሲመጣ ግን፣ በ1964፣ «መንግሥት በግል ንግድ ምን አገባው» በሚል ሐሳብ ተቃወመ።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? አብራችሁ እራት የምትበሉት ሰው ቢሆን ጎልድዋተር። ምግብ ቤት በር ላይ የተመለሰው ጥቁር እንግዳ ግን በሩ የተከፈተለት በጆንሰን ፊርማ እንጂ በጎልድዋተር ጨዋነት አይደለም። ስለዚህ እኔ የማስቀድመው ሰውየው ሥልጣኑን ያዋለበትን ነው፣ የግል ጠባዩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የጆንሰን ምላስ ግን በፊርማው ታጥቦ አይጠፋም። ሁለቱንም ጻፉ። አንዱ ሌላውን እንዲሰርዘው የሚያስገድድ ሕግ የለም፣ እኛ ነን ሒሳቡን ቶሎ ዘግተን መገላገል የምንፈልገው።

ምን ከፈለበት?

ነጻ ነገር ምንም አይናገርም። ጁን 2 ቀን 2020፣ ጥቁሩ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰውና ድርጅት ኢንስታግራም ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ለጠፈ። መጥፎ ነገር አልነበረም። ግን ስለለጠፈው ሰው ምንም አልነገረንም፣ ምክንያቱም በዚያ ቀን ከመለጠፍ ይልቅ አለመለጠፉ ነበር የሚያስወቅሰው።

ዋጋ ተከፍሎበት የተሠራ ነገር ሌላ ነው። ዌቲስ ዋሪንግ የሚባል ዳኛ ነበር፣ የሳውዝ ካሮላይና ነጭ፣ አባቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለደቡብ የተዋጋ። በ1947 ጥቁሮችን ከዴሞክራቶች የቅድመ ምርጫ ድምፅ ማግለል ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። በ1951 ሦስት ዳኞች ጥቁርና ነጭ ተለይተው ስለሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ሲፈርዱ፣ ብቻውን በልዩነት «መለየቱ ራሱ እኩልነትን ያፈርሳል» የሚል አቋም ጻፈ። የከተማው ወግ አጥባቂ ነጭ ሁሉ ዘጋው፣ ቤቱ ላይ ድንጋይ ተወረወረ፣ 1952 ላይ ጡረታ ወጥቶ ወደ ኒውዮርክ ሄደ። (ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ማግባቱም ለመገለሉ ምክንያት ነበር። ይህንንም እንጨምር፣ ጀግና የሆነ ሰው ታሪክም መከርከም የለበትም።)

ከአሜሪካ ውጭ ሄለን ሱዝማን አለች። በአፓርታይድ ዘመን በደቡብ አፍሪካ ፓርላማ ከ1961 እስከ 1974 የፓርቲዋ ብቸኛ ተወካይ ነበረች። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ተነስታ ትቃወማለች፣ ይሰድቧታል፣ ትሸነፋለች፣ በማግሥቱ ተመልሳ ትጠይቃለች። በ1967 ሮበን ደሴት ድረስ ሄዳ እስረኞቹን ጎበኘች። እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ሰው አንድ ቀን ምላሱ ቢያዳልጠው የምመዝነው ምንም መዝገብ እንደሌለው ሰው አድርጌ አይደለም።

ጥቅም ስለነበረው ብቻ ግን መልካም ሥራን አትጣሉ። ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ለጥቁሮች ዝግ በነበረበት ዘመን ብራንች ሪኪ ጥቁሩን ጃኪ ሮቢንሰንን አስፈርሞ ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ለክለቡ ለብሩክሊን ዶጀርስ ሲያሰልፈው፣ ማሸነፍም ትኬት መሸጥም ይፈልግ ነበር። ይፈልግ! በሩ ተከፍቷል። ያው ጥቅም ለሌሎቹ የክለብ ባለቤቶችም ነበር፣ እነሱ ግን አልከፈቱም።

ይህ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ነገር ያመጣል፣ ያልተደረገውን። ሮቢንሰን በ1945 ለቦስተን ሬድ ሶክስ ሙከራ አድርጎ ነበር፣ አልወሰዱትም። ክለቡ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1959 ነው፣ ከሊጉ ክለቦች ሁሉ የመጨረሻው ሆኖ። የክለቡ ባለቤት ቶም ያውኪ አንድም ንግግር ባያደርግ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ መቆየቱ ብቻውን ንግግር ነው። ቦስተን ስሙን ከመንገዱ ላይ ያነሳችው በ2018 ነው።

ምንም ሊያደርጉለት የማይችሉትን ሰዎች ጠይቁ

ዶናልድ ስተርሊንግ የሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ የተባለው የቅርጫት ኳስ ክለብ ባለቤት ነበር። በ2014 ለሴት ወዳጁ «ጥቁሮችን ወደ ጨዋታዬ አታምጪ» ዓይነት ነገር ሲናገር የተቀዳ ድምፅ ወጣ። ዓለም ተናወጠ። የሊጉ (የኤንቢኤ) ኮሚሽነር አዳም ሲልቨር ዕድሜ ልክ አገደው፣ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፣ ክለቡም ተሸጠ።

ጥሩ። ግን ወደ ኋላ ተመለሱ። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2006 ይህንኑ ሰው በኪራይ ቤቶቹ ጥቁሮችን አያስገባም ብሎ ከሶት ነበር። በ2009 ጥፋቱን ሳያምን ወደ 2.73 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ። ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፣ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ሆኖም አልታገደም። ይባስ ብሎ የጥቁሮች መብት ማኅበሩ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ በ2014 የዕድሜ ዘመን ሽልማት ሊሰጠው ተዘጋጅቶ ነበር፣ ድምፁ ሲወጣ ነው የሰረዘው።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ቤት አጣሁ ያለው ተከራይ ለአምስት ዓመት፣ ለስምንት ዓመት ሰሚ አጣ፤ የአልጋ ወሬ ሲቀዳ ግን በአራት ቀን ውስጥ ቅጣት መጣ። ቃሉ ከድርጊቱ በልጦ ተቀጣ ማለት ነው። ስለዚህ አንድን ባለሀብት ስትመረምሩ ከጓደኞቹ ጀምራችሁ አትውጡ፣ ከታች ጀምሩ። ተከራይ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ ሥራ አመልክቶ የተመለሰ ሰው። ክስ ካለ የክሱን ዓይነት እዩ፤ አንድ ነው ወይስ ይደጋገማል? ክስ ፍርድ እንዳልሆነም፣ ስምምነትም ጥፋትን ማመን እንዳልሆነ አትርሱ። ግን ተመሳሳይ ቅሬታ ከማይተዋወቁ ሰዎች ሲመጣ ጆሮ ይሰጠዋል።

«ጥቁር ጓደኛ አለኝ»

ይህን መከላከያ ባያችሁ ቁጥር ስትሮም ተርመንድን አስታውሱ። በ1948 የዘር መለያየትን ለማስቀጠል ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረ፣ በ1957 የሲቪል መብቶች ሕጉን ለማደናቀፍ ሴኔት ውስጥ 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ቆሞ የተናገረ ሰው ነው። በ2003 መቶ ዓመት ደፍኖ ሞተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤሲ ሜ ዋሽንግተን ዊሊያምስ የምትባል ጡረተኛ መምህርት ወጥታ ልጁ እንደሆነች ተናገረች። እናቷ በወላጆቹ ቤት የምትሠራ ወጣት ጥቁር ሴት ነበረች። ቤተሰቡም አመነ።

ልጁን በድብቅ ይረዳት ነበር፣ ለትምህርቷም ከፍሏል። በአደባባይ ግን የሷን ዓይነት ልጆች ከነጭ ልጆች ጋር እንዳይማሩ ታገለ። እንግዲህ ልጅ ያላለዘበውን አቋም ጓደኛ፣ ሾፌር ወይም አብሮ የተነሱት ፎቶ ያለዝበዋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። የቅርብ ሰው መውደድና ለወገኑ ፍትሕ መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ተለውጫለሁ ሲል

እዚህ ጋ ቀስ እንበል፣ ሰው በሁለቱም በኩል የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጆርጅ ዋላስ በ1958 ለአላባማ አገረ ገዥነት ሲወዳደር ለዘብ ያለ ሰው ነበር፣ የጥቁሮች መብት ማኅበሩም ደግፎት ነበር። ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ድርጅት በደገፈው ተፎካካሪ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲያ በጥላቻ ማንም እንዳይበልጠው ቆረጠ። በ1963 ሹመቱን ሲቀበል «መለያየት ዛሬ፣ መለያየት ነገ፣ መለያየት ለዘላለም» አለ፣ በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች እንዳይመዘገቡ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆመ። «ልቡ እንዲያ አልነበረም፣ ለድምፅ ሲል ነው» የሚሉ አሉ። ለእኔ ይህ የባሰ ነው። የማያምንበትን እሳት ለኮሰ፣ የተቃጠለው ግን ሌላ ነው። ንግግርም እዚህ ጋ ከቃልነት አልፎ ድርጊት ይሆናል፤ ፖሊስ የሚያዝ ገዥ ሲናገር የሚሰሙት ዱላ የያዙ ሰዎች ናቸው።

በ1972 በጥይት ተመትቶ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በ1979 በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ማርቲን ሉተር ኪንግ ያገለግልበት ወደነበረው የሞንትጎመሪ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ጥቁር ምእመናንን ይቅርታ ጠየቀ። በ1982 በብዙ ጥቁሮች ድምፅ ጭምር እንደገና ተመረጠ፣ ጥቁሮችንም በመንግሥት ኃላፊነት ላይ ሾመ። ጥቁሮች ለመምረጥ መብታቸው በወጡበት በአላባማው የሴልማ ሰልፍ ጭንቅላቱን የተፈነከተው ጆን ሉዊስ ይቅር ብዬዋለሁ ብሏል።

እንዲህ ያለ ለውጥ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ጊዜውን እዩ። ጥቁሮች ድምፅ መስጠት ከጀመሩ በኋላ መለወጥ ለፖለቲከኛ ያተርፋል፣ ይህን መጠርጠር ክፋት አይደለም። ቀጥሎ ይቅርታው ምን እንደሚል አድምጡ። «የተከፋ ካለ አዝናለሁ» ይቅርታ አይደለም፣ የተከፋውን ሰው መልሶ መውቀስ ነው። ያደረገውን በስሙ ጠርቶ፣ ለማን እንዳደረገው ተናግሮ ነው ይቅርታ የሚጠየቀው። ከሁሉም በላይ ከይቅርታው በኋላ ያሉትን ዓመታት ቁጠሩ፤ ሹመት፣ ሕግ፣ በጀት። ይቅር የማለት መብትም የተበደለው ነው። እኔና እናንተ በስልካችን ላይ ተቀምጠን በሴልማ ሰልፈኞች ስም ይቅር ማለትም አለማለትም አንችልም።

ሴናተር ሮበርት ቢርድን ስታዩ ይህ ይበልጥ ይገባችኋል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የክላን አባልና አደራጅ ነበር። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕጉን ለማደናቀፍ ከ14 ሰዓት በላይ ተናገረ። በኋላ ደጋግሞ ተጸጸተ፣ በ1983 ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚታሰብበትን ብሔራዊ በዓል ደግፎ ድምፅ ሰጠ። በ2010 ሲሞት የጥቁሮች መብት ማኅበሩ ሐዘኑን ገለጸ። ቀድሞ ክላን የነበረው ሁጎ ብላክ ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ በ1954 የትምህርት ቤት መለያየትን ካፈረሱት ዘጠኝ ዳኞች አንዱ ነው። የአባልነት ካርዱ እውነት ነው፣ ፍርዱም እውነት ነው።

አሁን አንድ ሰው እንሞክር

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ሮናልድ ሬገን። ሦስት ወረቀት አውጡ። በአንዱ ላይ የግል ጠባዩን ጻፉ፦ የኮሌጅ ኳስ ተጫዋች ሳለ ሆቴል የመለሳቸውን ጥቁር ጓደኞቹን ወላጆቹ ቤት ወስዶ አሳድሯል። በሁለተኛው ላይ ምላሱን፦ በ1971፣ የካሊፎርኒያ ገዥ ሳለ፣ ለፕሬዚዳንት ኒክሰን ደውሎ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ልዑካንን «ጦጣዎች» አላቸው፣ ጫማ ማድረግ እንኳ ገና አልለመዱም ብሎ። ቅጂው ሙሉውን የተሰማው በ2019 ነው። በሦስተኛው ላይ ሥልጣኑን፦ በ1982 የመምረጥ መብት ሕግን ማራዘሚያ ፈረመ፣ በ1983 የኪንግን በዓል ፈረመ፣ በ1986 ግን በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ላይ የወጣውን የማዕቀብ ሕግ ሻረ፣ ምክር ቤቱም ሽረቱን ሽሮ ሕጉን አጸደቀው።

ምን ትላላችሁ? የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ አጠገቡ ላለ ሰው ደግ፣ ሩቅ ላለው አፍሪካዊ ንቀት ያለበት፣ ዋጋ የሚያስከፍለው ውሳኔ ሲመጣም ከንቀቱ ጋር የሄደ። ከሁለቱ ፊርማዎች በፊት ማመንታቱም ይቆጠራል። እናንተ ሌላ ልትሉ ትችላላችሁ። ግን ልብ በሉ፣ አሁን የምንከራከረው ስለ አንድ ድምፅ ቅጂ ሳይሆን ስለ መዝገብ ነው።

የምትወዱትን ሰው ስትመረምሩ ይህንኑ ሦስት ወረቀት አውጡና ስሙን በምትጠሉት ሰው ስም ቀይራችሁ አንብቡት። ፍርዳችሁ ከተቀየረ የተመረመረው እሱ ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ቪዲዮ ከሆነ ሳይቆረጥ ሙሉውን ፈልጉ፣ ቀኑን አረጋግጡ። ስክሪንሾት ብቻ ካለ የት እንደተጻፈ እስክታገኙ ሼር አታድርጉ።

መጨረሻ ላይ ፍርዱን ስትጽፉ በግሥ ጻፉት። «ዘረኛ ነው» ከማለት «በዚህ ዓመት ይህን ሕግ ተቃወመ፣ እነዚህን ሰዎች መለሰ፣ ይህን ተናገረ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ይህን አደረገ» በሉ። ያኔ የሚቃወማችሁ ሰው ስድብ ሳይሆን ሌላ ማስረጃ ይዞ መምጣት ይኖርበታል። ሰውየው በሕይወት ካለ ቀን ጻፉበት፣ ምክንያቱም በ1963 በዋላስ ላይ የተሰጠው ፍርድ ለ1963 ልክ ነበር። ከሦስቱ ወረቀት ሁለቱ ባዶ ከቀሩ ደግሞ ገና አልተመረመረም፣ ተዉት፣ ሌላ ነገር ሲገኝ ትመለሱበታላችሁ።